አስራ አንድ አውራ ጣት

ባሕር ማዶ በምኖርበት ከተማ፣ ሶዶ በሚባል ሰፈር፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሾርላይን ከምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ ሽማግሌ መጡ። የሆላንድ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቁም ሳጥን የየት ከተማ ሥራ እንደሆነ ለክተው እንዲነግሩን አለቃዬ ነው የጠራቸው። ከአያታቸው የወረሷቸውን ሁለት የመለኪያ እንጨቶች ይዘዋል።

በዕቃ መጫኛው አሳንሰር ገባን። ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ ሦስተኛው ጋ ሊደርስ ሲል ቀጥ አለ።

የአደጋ ጥሪውን ስጫን «ሰው ልከናል፤ ታገሡ» አሉኝ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔንም ላብ አጥምቆኛል፤ ግን ሁለታችንም ከፈራን ማን ማንን ያረጋጋል ብዬ ወሬ ጀመርኩ።

«እንጨቶቹ ለምን እኩል አልሆኑም?»

«ሁለቱም አንድ አንድ እግር፣ ማለት አንድ አንድ ጫማ ናቸው» አሉ። «አጭሩ የአምስተርዳም፣ ረጅሙ የራይንላንድ። ሜትር ሳይመጣ በፊት እኛ አገር ሁሉም በየራሱ እግር ነበር የሚለካው።»

አጭሩ ላይ የተቀረጹትን ክፍሎች ቆጠርኩ። አስራ አንድ።

«አንዱ ተሰብሮ ነው?»

«አልተሰበረም። የአምስተርዳም እግር አስራ አንድ አውራ ጣት ነው፤ የራይንላንዱ አስራ ሁለት።»

እናቴ በአንዱ ገበያ ቁና የገዛችውን ጤፍ በሌላው ስትሰፍር ጎደለብኝ ብላ የተጣላችውን ነገርኳቸው። ሳቁ። ትንፋሻቸውም ትንሽ መለስ አለ።

የእኔ ግን ባሰ። ግድግዳው የሚጠጋኝ መሰለኝ። ተነስቼ በሩን ፈልቅቄ ከፈትኩት። ከላይ፣ በሦስተኛው ፎቅ ወለልና በአሳንሰሩ ጣሪያ መካከል፣ ጠባብ ክፍተት ታየኝ።

«በዚህ እወጣለሁ» አልኩ።

«ቆይ! ታልፍ እንደሆነ መጀመሪያ ልለካው።»

እንደምንም ተነስተው አጭሩን እንጨት ክፍተቱ ውስጥ አቆሙት። ልክክ አለ። እጃቸውን ከመመለሳቸው አሳንሰሩ ተንቀጠቀጠና አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ወረደ። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ከበሩ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«የአያትዎ ዕቃ...» አልኩ።

«አንገትህ ቢሆንስ?» አሉ።

ሠራተኞቹ መጥተው አሳንሰሩን ዝቅ አድርገው በሁለተኛው ፎቅ አወጡን። እሳቸው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው ቁም ሳጥኑን ለኩ። እኔ መኪናዬ ጋ ሄድኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ በሩን መዝጋት ግን አቃተኝ። አንድ እግሬን ውጭ አድርጌ፣ ዝናቡ ሱሪዬን እያራሰው ብዙ ቆየሁ።