ኤክስን አልተውም ያለች ተማሪ

አሶሳ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ግትር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ከመንጌ ወረዳ የመጣች ልጅ ግን አላየሁም። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሰው ግትርነት ማውራት አያምርበትም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ስሙኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች አሶሳ ላይ ታስተምራታለች። ስምምነታቸው አጭር ነው፤ አገር አቀፉን ፈተና ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀች ገበቴ ይዛ ከእናቷ ጋር ወንዝ መውረድ። እሷ ይህን የነገረችኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስችል አለኝ።

ጭንቅላቷማ ምን ይወጣለታል። ችግሩ ሰዓት ነው። በሙከራው ፈተና የሠራችው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ገና መሃል ላይ ደወል ተደወለባት። ወረቀቷን ሳገላብጥ ምክንያቱን አገኘሁት። ሲልቨር ክሎራይድ የሚባል፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟ ነጭ ዱቄት አለ። ጨው በገባበት ውሃ ውስጥ ምን ያህሉ ይሟሟል ነው ጥያቄው። የሚሟሟውን ኤክስ እንለዋለን። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ እንግዲህ ከጨው የመጣው ዜሮ ነጥብ አንድ ሲደመር ኤክስ ይሆናል። ኤክስ ኢምንት ስለሆነች ከድምሩ ላይ ትተዋትና የተሰጠህን ቁጥር በዜሮ ነጥብ አንድ ብቻ አካፍለህ በአንድ መስመር ትገላገላለህ። እሷ ግን አትተዋትም። ኳድራቲክ እኩልታውን ዘርግታ፣ ያለ ካልኩሌተር ስኩዌር ሩት በእጇ ስታወጣ ገጹን ትጨርሰዋለች።

«ተያት አላልኩሽም?» አልኳት፤ ደሜ ፈልቷል።

«ቲቸር፣ አለ እኮ» አለች በረጋ ድምፅ። «እኛ ጋ ትንሽ ነው ተብሎ አይጣልም። እናቴ አሸዋው ላይ ብልጭ ያለውን ሁሉ በጣቷ ጫፍ ትለቅማለች። እኔ የምማረው በሱ ነው።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አሾፍኩባት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። የመምህራን ክፍል ውስጥ «አንተ ከኤክስ ጋር ስትጣላ ዓመቱ ያልቅብሃል» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኳት። ሙግት እንደማያዋጣኝ ገብቶኛል። «አንድ ጊዜ ብቻ እንደኔ ሥሪው። ከዚያ ያገኘሽውን ኤክስ ወስደሽ ከጨው ጋር ደምሪና እዪው» አልኳት። አካፈለች። ደመረች። ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ከኋላው የዜሮ ሰልፍ፣ ጫፉ ላይ አሥራ ስምንት። ዜሮዎቹን በጣቷ ቆጠረች።

«መልሱን የሚለውጥ ነገር አለ?» አልኳት።

«የለም።» ቀና አለችና «ታዲያ ኤክስ የት ሄደ?» አለች።

«የትም አልሄደችም። ውሃው ውስጥ አለች። ሚዛናችን አይሰማትም እንጂ።»

ያኔ ሳቀች። «ዓይን የማያየውንማ እናቴም ለወንዙ ትተዋለች። ለምን እንዲህ አላሉኝም?»

ስንት ወር ጉሮሮዬን ማድረቄን ሳስብ ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ኤክስን ትታ ትሠራለች፤ መልሳ ደምራ ሳታይ ግን አትለቃትም።

ውጤት የተለቀቀ ቀን ከመንጌ ደወለች። «አለፍኩ» ስትል ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ፤ ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ሰዓቱ በቃሽ?»

«ተረፈኝ እንጂ። ኤክስን ሁሉ ትቼ ጨረስኩ። ከዚያ ተመልሼ አንድ በአንድ እየደመርኩ አየሁ። አንድ ጥያቄ ላይ ጨው ትንሽ ነው፤ ኤክስ ትልቅ ሆነ፤ አይተውም። እሱን እንደ ድሮው ሠራሁት።»

«እና በስንት አለፍሽ?»

ስልኩ ውስጥ ሳቋን ሰማሁ። «ለጥቂት ነው ቲቸር። በአንድ ጥያቄ ልዩነት ነው መሰለኝ። እሱንም ተዪው ይሉኛል?»