በካርቲየ አንድ የበላነው ዓሣ

ጅቡቲ የሄድነው ለሽርሽር ነው ብለን ነበር፤ ለመሥሪያ ቤትም ለጎረቤትም ያልነው ይህንኑ ነው። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ከልጅነቴ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬና ነገር ሁሉ የሚያስቀው የሥራ ባልደረባዋ። እውነቱን ግን ሦስታችንም እናውቀዋለን። የጓደኛዬ ታናሽ እህት በዚህ ከተማ አድርጋ ወደ የመን ልትሻገር ከወጣች በኋላ ድምጿ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። መጨረሻ የላከችው አንድ ፎቶ ነው። ሰማያዊ ግድግዳ ተደግፋ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ፊቷ ተዘርግቶ ትስቃለች። ጓደኛዬ ያንን ግድግዳ ማግኘት ፈልጋለች።

ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ወርደን ሻንጣችንን ሆቴል ጣልንና መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ሄድን። ባሕሩ ግን አልነበረም። ውሃው ሩቅ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ቁራዎች በመካከላቸው እየተራመዱ ይለቅማሉ። ባልደረባዋ «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ባሕሩ ወጣ ብሏል ሊሉን ነው?» አለና አሳቀን። ጓደኛዬ ግን ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ጉትቻ የጠፋባት ይመስል መሬት መሬቱን እያየች መሄድ ጀመረች። እኔ ደግሞ ሰው ተስፋ ሲያደርግ ቆሜ ማየት አልችልበትም። ተቆጥቼ ጠራኋት።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማው ተዘጋ። እዚያ ደንቡ ነው፤ ጫቱ ከእኛ አገር ይገባል፣ ሰው ይዞ ቤቱ ይከተታል፣ ሱቁ ይቆለፋል፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ሰው አይታይም። እኛ ይህን አላወቅንም። ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ጠባብ መንገዶች ስንዞር ከራሳችን ኮቴ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ከተዘጋ መስኮት ጀርባ አንድ ሰው ያስላል። ራዲዮ በሶማሊኛ ያወራል፤ ስንጠጋ ድምፁ ይቀንሳል፣ ስናልፍ ይመለሳል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የእኔ ክንድ ላይ ግን ፀጉሩ ቆሟል። ፈርቼ ነበር፤ ምኑን እንደፈራሁት ግን አላውቅም።

ግድግዳውን ያገኘነው በዚያ ሰዓት ነው። በሩ ገርበብ ያለ የየመኖች ዓሣ ቤት ነበር፤ ውስጡ አንድም እንግዳ የለም። ጓደኛዬ ገብታ እህቷ የተቀመጠችበት ቦታ ተቀመጠችና ግድግዳውን ተደገፈች። ከጓዳ አንዲት ሴት ሰሃን ይዛ ብቅ አለች። ጓደኛዬን ስታይ እዚያው ደርቃ ቀረች፤ ከንፈሯ ነጣ።

የእኛው አገር ልጅ ናት። የዓሣ ቤቱ ባለቤት ቤት ተቀጥራ ትኖራለች፤ ከሰዓት ደግሞ ማዕድ ቤቱን ታግዛለች። ጓደኛዬ ፎቶውን ስታሳያት ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«አውቃታለሁ» አለች። «እዚህ ዕቃ እያጠበች ሦስት ሳምንት አብራኝ ነበረች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተሳፈረች። ያላ፣ መጀመሪያ ብሉ።»

ዓሣው መጣ። ሴትየዋ ከጓደኛዬ አጠገብ ተቀምጣ እሾሁን እየለቀመች ሥጋ ሥጋውን ወደ እሷ ትገፋ ጀመር።

«እናታችሁ አሉ?»

«አለች።»

«ደም ግፊት ምናምን የለባቸውም?»

«ደህና ናት።»

«ታላቅ ወንድምስ አላችሁ? አብሯቸው ነው የሚኖረው? መቼ ነው የምትመለሱት?»

እነዚህን ጥያቄዎች አውቃቸዋለሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ ላለ፣ ወገን አጠገቡ ለሌለው፣ ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ ይሰበሰባል፣ በሩ ማለዳ ይንኳኳል። አባቴ የሞተ ጊዜ ጎረቤታችን በዋዜማው ልክ እንዲህ እየለመነች አብልታኛለች፤ እኔም ምን ደግነት መጣባት ብዬ ስቄ ነበር።

እጄን ልታጠብ ብዬ ሴትየዋን ተከትዬ ጓዳ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት «የወንድሟን ስልክ ስጪኝ» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አብራት ጀልባው ላይ የነበረች ልጅ ተርፋ ተመልሳለች። ስትሰጥም በዓይኗ አይታታለች። እስከ ዛሬ ለማን ልንገር? ቤተሰቧን አላውቅ።» ውሃውን ከፈተችልኝ። «ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ሳያት ራሷ የመጣች መሰለኝ። እዚህ እንዳትነግሪያት። ሰው አገር ናት።»

ቁጥሩን ሰጠኋት። ስመለስ ዓሣው አልቋል፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ባልደረባዋ ስልኩን ደግኖ ጓደኛዬን ፎቶ እያነሳት ነው፤ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ፈገግ ብላለታለች። «በቃ፣ ተው» ብዬ ጮህኩበት። ምን እንደነካኝ ግራ ገባው፤ ምስኪን።

ስንወጣ መንገዱ አሁንም ጭር እንዳለ ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ።

«የወንድሜን ስልክ ሰጠሻት?»

ክንዴን ላስለቅቅ ስል አጠበቀችው።

«እኔም እኮ መርዶ አርድቼ አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁሉንም የበላሁት ሴትየዋ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እናቴ ጋ እስክደርስ እንዳትነግሪኝ።»

ከዚያ ፈጠን ብላ ባልደረባዋ ላይ ደረሰችና ቀጥለን ምን እንደምናይ ጠየቀችው። ባቡራችን ከነገ ወዲያ ነበር።