በፈንታ ላይ የተረጎምኩት ሐሰት

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ በነበረ አንድ የጣልያን ክሊኒክ ውስጥ የሐኪምን ቃል ገልብጬ ተረጎምኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

የክሊኒኩ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ታካሚው የይጁቤው ገበሬ ፈንታ ነው። ካገባ አራት ዓመት ቢሆነውም ሚስቱ ጥሩዬ አልወለደችም። አባቷ ሊያፋቷት ሽማግሌ ሰብስበው፣ ማስረጃ ፍለጋ አብረውት መጡ።

ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ፣ አንዱ የዘር ፍሬው በልጅነቱ ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ መቅረቱን ነገረኝ። ሁለተኛው ግን በቦታው ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሰውየው ሊወልድ ይችላል አለ።

እኔ ምን አልኩ? «አንዱ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል፤ አይወልድም» አልኩ። ግማሹ እውነት ነበር። ውሸቱን ያሳመነልኝ ያ ግማሽ ነው።

ለምን? ፈንታ በገበያ ባየኝ ቁጥር «የጣልያን አፍ መጣ፤ ወሬ አቁሙ!» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ሰበቡ ይኸው ነው። አልተገደድኩም፤ ጣልያንኛውም ገብቶኛል። እኔ አደረግኩት፤ አውቄ አደረግኩት። የሰው ትዳር በገበያ ቀልድ ይመነዘራል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተጠርቼ ያንኑ ደገምኩት። ፈንታ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ጥሩዬ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«አባባ፣ ጣልያን አገራችንን ወሰደ፤ ደግሞ ባሌን ልስጠው?»

«ዘርሽ እንዳይቀር ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ስለ ዘር ያስቡ፤ እኔ ከፈንታ ጋር እኖራለሁ። አንተ አስተርጓሚው፣ ይኼንንም ለጌታህ ተርጉምለት!»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ፍቺው ቀረ። እኔ በሸንጎ ፊት ተዋርጄ ሄድኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የምወደው ሽንፈት ግን የለኝም።

በሁለተኛው ክረምት ጥሩዬ ሴት ልጅ ወለደች። ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ጊዜ ነው። ያን ቀን መንደሩ ቁጥሩን ጣሰ፤ መንገድ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ውሸቴን ሲቀብሩት ነበር፤ ቀብሩም አማረ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ጥሩዬ ባትነሣ ኖሮ እኔ ዝም እል ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ሳላጣራ አልጽፍም፤ ይህንንም አጣርቻለሁ። ባለፈው ሰኔ ይጁቤ ሄጄ የደብሩን ቄስ ጠየቅኩ። ፈንታና ጥሩዬ አምስት ልጆች ክርስትና አስነሥተዋል።