የአውድማው ንፋስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሄሊኮፕተር ባለፈ ቁጥር አፍና አፍንጫዬን በነጠላ እሸፍናለሁ፤ ሰው የፈራሁ ይመስለዋል።

ልጅ ሳለሁ አውድማችን ከአየር ኃይሉ ሜዳ አጥር ሥር ነበር። አንድ ጥር ገብሱ ተወቅቶ ንፋስ ጠፋ። አባቴ መንሹን ይዞ ሦስት ቀን ንፋስ ለመጥራት ቢያፏጭ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። በአራተኛው ቀን ከአጥሩ ማዶ ሄሊኮፕተር ተነሳ።

«እግዜር የነሳንን መንግሥት ሰጠን» ብሎ አባቴ ገብሱን ወደ ላይ በተነው። ገለባው በረረ፤ ገብሱም ተከተለው። እናቴ ከራስ እስከ እግሯ ገለባ ለብሳ ሳቀች። ገብሱን ከሣሩ ውስጥ ስንለቅም ዋልን።

በማግስቱ አባቴ ጠላ አሸክሞኝ የሜዳው በር ላይ የቆመው ወታደር ዘንድ ሄደ።

«ልጄ፣ ለአብራሪው ንገርልኝ» አለው። «ዛሬ ትንሽ ራቅ ብሎ ይነሳልን።»

ወታደሩ ጠላውን እየጠጣ ሳቀበት። አብራሪው ግን እውነትም ራቅ ብሎ ተነሳ፤ ገለባው ብቻ ሄደ።

ነጠላዬ ሥር እየሳቅሁ ነው።