ከማሽላው ማማ ላይ የሰማሁት ሲምፎኒ

ባለፈው ጥቅምት ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝና ለደንበኛ የማደርሰውን ከባድ ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በመስኮት በሚገባው ወበቅ እያላበኝ፣ ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር የምሄደው። ከኋላዬ ተማሪ የሚመስል ወጣት ስልኩን ከፍቶ ሙዚቃ ያዳምጣል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ቀስ ብሎ፣ ወፍራም የነሐስ ድምፅ ከታች ሲነሳ ግን ካርቶኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

«ልጄ፣ ምናለ ይኼን ነገር ብትዘጋው? ለቅሶ ቤት አስመሰልከን እኮ» አለች ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ። ሾፌሩም «እውነቷን ነው፣ እንቅልፌን አመጣብኝ» ብሎ አከለበት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ልጁም አፍሮ ዘጋው።

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሙዚቃ አውቀዋለሁ። ከዚያው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለ የማሽላ ማሳ ውስጥ፣ ማማ ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማትሪክ ወድቄ፣ የሰፈሩን ሰው ዓይን እየሸሸሁ ከአባቴ ጋር እርሻ የምውልበት ዓመት ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ሽንኩርቱም ማሾውም አልሆነልንም። ዓመቱን የምንበላው ማሳችን ላይ የቆመችውን ማሽላ ብቻ ነበር። እናቴ በየማታው «ማሽላው እንዴት ዋለ?» ትለኝ ነበር፤ ስለ ታመመ ሰው የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

ማሽላ ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ብታዩዋት ታሳዝናለች። ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። ከአዋሽ በኩል ሰማዩን አጥቁሮ የሚመጣው መንጋ ማሳ ላይ ካረፈ፣ ጠዋት የተንዠረገገው የማሽላ ራስ ማታ ገለባ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚያ ወር የይፋት ቆላ ሰው ኑሮው ማማ ላይ ነው። ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ጅራፍ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ይወረወራል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል። እሸቱን በፍም ጠብሰን እናሸዋለን፤ ጥንቅሽ እንመጥጣለን፤ ከንፈራችን በጥንቅሹ ልጣጭ ይቆራረጣል። ዛሬም የጥንቅሽ ሽታ ሲሸተኝ ወፍ ላይ ስጮኽ የዋልኩ ይመስለኛል።

ከማሳችን ድንበርተኛ የነበሩት ሃምሳ አለቃ መኩሪያ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ፣ ሰው አቅፎ የሚነፋውን ትልቁን ነሐስ፣ ቱባ የሚሉትን፣ ሲነፉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወደ አባታቸው መሬት ተመለሱ። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ዳዊት የሚባል፤ ሰሜን ጦርነት ሄዶ ቀረ። መርዶው የተነገራቸው ከዚያ የግሪሳ ወር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሊያረዷቸው የመጡትን ሽማግሌዎች «ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ብለው መለሷቸው አሉ።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰው ምን ተብሎ ይጽናናል? ደጁስ እንዴት ይገባል? ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ምን እንደሚላቸው ስለሚጨንቀው ይሸሻቸው ጀመር። በዚያ ላይ ሃምሳ አለቃ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቴፕና ጡሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያ አምጥተው ማማቸው ላይ ሰቀሉ። ሐዘን ያልተቀመጠው አባት ሙዚቃ ከፈተ ተባለ። ቆላው ሁሉ ተቀየማቸው።

ሙዚቃው ደግሞ ለማንም የማይጥም ነበር። የሙዚቃ ጓዱን ያሠለጥን የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወላቸው አንድ ካሴት ነው። ሲምፎኒ ይባላል። አባቴ ሁለት ቀን ካዳመጠ በኋላ «ይኼ መነሻም መድረሻም የለው። በሬው እንደጠፋበት ሰው እዚያው በዚያው ይዞራል» አለ። እኔም አልወደድኩትም። የምወደው ክራሩ የሚጣደፍ፣ እስክስታ የሚያስመታ ዘፈን ነበር።

ጠባችን ግን በጣዕም አልነበረም። የሃምሳ አለቃ ነሐስ ሲያስገመግም ግሪሳው ከእሳቸው ማሳ ብር ብሎ እኛ ማሳ ላይ ያርፍ ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ታግሦ በአራተኛው ድንበሩ ላይ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ወፍህን ልጆቼ ላይ እየነዳህ ነው።»

«ወፉ የኔ አይደለም፣ ዓለሙ።»

«ድምፁ ያንተ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ትንሽ አሰቡና «እውነትህን ነው። ድንበሩ ላይ አንድ ማማ እንሥራ። ልጅህ ጅራፉን ይያዝ፣ እኔ ቴፑን እይዛለሁ፤ ሁለቱንም ማሳ አብረን እንጠብቅ» አሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ከሲምፎኒው ጋር አንድ ማማ ላይ የወጣሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነበር። በሁለተኛው ግን ለሥራዬ ስል አጠናሁት። ነሐሱ በሚጮኽበት ቦታ ወፉ ስለማይደፍር እኔ አርፋለሁ፤ ጥንቅሼን እልጣለሁ። ክሮቹ ብቻ ቀርተው በሹክሹክታ ሲጫወቱ ግን ግሪሳው ያንዣብባል፣ ጅራፌን ማንሳት አለብኝ። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ እንደለመደ ሾፌር፣ የትኛው መታጠፊያ ከየትኛው እንደሚከተል ዓይኔን ጨፍኜ ማወቅ ጀመርኩ። ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። እንዲሁ የተበተነ የመሰለኝ ዜማ ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አወቅሁት። «ይቺን እኮ ጠዋት ሰምቻታለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። ሃምሳ አለቃ ቀና ብለው አዩኝ።

በማግስቱ ነው ሲምፎኒውን ስለ ደረሰው ሰውዬ ያጫወቱኝ። «የገጠር አስተማሪ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደገው። ሥራውን ሲያሰማ ሰው እየተነሳ፣ አዳራሹን እየጣለ ይወጣበት ነበር። ዛሬም ግማሹ ሰው ሲሰማው እግዜርን ያየ ይመስለዋል፣ ግማሹ ያዛጋል።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔ በሠላሳ ዓመት ሁለቱንም አድርጌያለሁ» አሉና ፈገግ አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

የሰውየውን ስም ነግረውኛል። እዚህ ግን አልጽፈውም። አበላሽቼ ብጽፈው የሚያውቁት ይስቁበታል፤ እሱ ደግሞ በሕይወት ሳለ የተሳቀበት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል በጣም ዝግ ያለ፣ ረጅም ነው። ቀስ እያለ ዳገት ይወጣል፤ ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይወጣል። ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን ሰድደው ቴፑን ጠቅ ያደርጉታል። ከዚያ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። እስኪመለስ ማሳው ጸጥ ይላል፤ ግሪሳውም ያንን ጸጥታ ለምዶት ይመጣል። አባቴ «ሰውየው ወፍ ይጠራል» እያለ ይነጫነጭ ነበር። እኔ ባትሪ መቆጠባቸው መስሎኝ ስጠይቃቸው ምክንያቱን ነገሩኝ።

«ዳዊት ሕፃን ሆኖ ይኼን ቤት ውስጥ እከፍት ነበር። እዚህ ጋ ሲደርስ ከማድ ቤት ሁለት የድስት ክዳን ይዞ ይመጣል። እኔ ካቆምኩበት በኋላ አራት ቁጥር ነው። በአራተኛው ላይ እዚያ ካሴቱ የተቀዳበት አዳራሽ ውስጥ አንዱ ሁለት የነሐስ ሳህን ያጋጫል፤ የኔ ልጅ ደግሞ ክዳኑን ያጋጫል። አንድም ቀን ስቶት አያውቅም።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ የኛ የቱባዎቹ ተራ ነው፤ የታችኞቹ ነፊዎች። ለቅሶ ነው። እሱን አልሰማውም።»

ያ ሁሉ ሰው ሃምሳ አለቃ ሐዘን የማያውቁ መስሎት ነበር። እኔም ከመሰለው አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ሳምንት በኋላ አባቴን ወባ ጣለው። ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ቤት ቀረ፤ እናቴም ከአጠገቡ አልተነሳችም። ማሳው ለእኔ ቀረ። አንድ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ከማዶ ማሳ ሰይድ አሊ የሚባለው ጎረቤታችን «መጣ፣ በምሥራቅ በኩል መጣ» ብሎ ተጣራ። ቀና ስል ያን የሚያህል መንጋ አይቼ አላውቅም። ጥላው መሬት ላይ ሲሄድ ይታያል። ቴፑ ላይ ያ ዝግ ያለው ክፍል ዳገቱን እየጨረሰ ነበር። መንጋው ወደ ማሳችን አዘቀዘቀ። ልክ ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን ሰደዱ፤ ጠቅ።

ወዲያው ጅራፌን ማጮኽ ነበረብኝ። አባቴ ታሞ፣ እናቴ ማታ የምትጠይቀኝን እያወቅሁ፣ አንዲት ቅጽበት ማባከን አልነበረብኝም። እውነቱን ለመናገር ግን ሙዚቃው ለኔ አልቆመም። ቴፑ ቢዘጋም ውስጤ መውጣቱን ቀጠለ። ጅራፉን ከራሴ በላይ አንስቼ አንድ አልኩ። ወፎቹ የማሽላው ራስ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ሁለት። ሦስት። ዛላው ከክብደታቸው ሲጎብጥ አያለሁ። በአራተኛው ባለ በሌለ ኃይሌ አጮኽሁት።

እንደዚያ የጮኸ ጅራፍ በሕይወቴ አልመታሁም። መንጋው ከሁለቱም ማሳ አንድ ላይ ተነሳ፤ የክንፉ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ዞሬ ሃምሳ አለቃን አየኋቸው። እጃቸው ቴፑ ላይ እንዳለ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። የተቆጡኝ መስሎኝ «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ።

እሳቸው ግን ቁልፉን ተጫኑት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረውን ሰማሁት። የሳህኑ ምት መጣ፤ ከኔ ጅራፍ ያነሰ ነበር። ከዚያ የሙዚቃው ብርሃን ሁሉ ቀስ እያለ ወረደና ያልታወቁኝ ወፍራም ነሐሶች ከታች ተነሱ። እናቴ ሙሾ ስታወርድ ሰምቻለሁ፤ የዚያ ወገን ነው። ሃምሳ አለቃ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና «ልጄን» አሉ። ከዚያ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ምን ላድርግ? ጅራፌን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ድምፅ ማጉያው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ያ ነሐስ ከማማ ላይ ሲያለቅስ የእድር ጥሩንባ የተነፋ ያህል ሆነ። መጀመሪያ ሰይድ አሊ መጣ፤ ማማው ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አያቸውና «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። ሁለት ዓመት ማንም ያላላቸው ቃል ነው። ቀጥሎ ሌሎችም ከየማሳቸው መጡ።

ሃምሳ አለቃ በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጡ። አባቴ ትኩሳቱ ገና ሳይለቀው በዱላ ተደግፎ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ደረሰ። «እግዜር ያጽናህ። ማሽላህን አታስብ፣ እኛ አለን» አላቸው። ሦስቱን ቀን ማሳቸውን በየተራ ጠበቅንላቸው። ቴፑን ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቃቸው «ክፈተው። ብቻ እንዳታቆመው» አሉኝ። እስከ መጨረሻው እየከፈትኩት ሰነበትኩ። ዳሱ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ሰማው። እናቴ «ረጅም ሆነ እንጂ ሙሾ እኮ ነው» አለች። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ አልወደደውም። «ሰውየውን አከብራለሁ፣ ዘፈኑን ተውልኝ» ይል ነበር። የዚያ ዓመት ጎተራችን ጎደሎ ነበር፤ ግን አልተራብንም።

ይህን ሁሉ ሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ አጣዬን አለፍን። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባለፉት ዓመታት ስንቱ ቤቱን፣ ስንቱ ልጁን አጥቷል። ሬሳ ሳያይ የቀረ፣ መሸሻ ላይ ሆኖ ለቅሶ ያልተቀመጠ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ሱቄ ይመጣሉ፣ ስለ ፓምፕ እናወራለን፣ ይሄዳሉ። እኔም ምን እንደምላቸው ስለማላውቅ ስለ ፓምፕ አወራለሁ።

ወደ ኋላ ዞርኩና ልጁን «ማዳመጫ የለህም? እስቲ ካቆምክበት ቀጥለው» አልኩት። ገርሞት አንዱን ለኔ ጆሮ ሰጠኝ፣ አንዱን ለራሱ አደረገ። ገመዱ አጭር ስለነበር አንገቴን አጣምሜ ነው የተቀመጥኩት። ዳገቱን አብረን ወጣን። ጫፉ ጋ ሲደርስ በከንፈሬ ቆጠርኩ፤ በአራተኛው ላይ እጄ ሳላስበው ካርቶኑን መታው። ከዚያ የታችኞቹ ነፊዎች ገቡ።

ሴትዮዋ ዓይኔን ስጠርግ አይታ «ለቅሶ ነው አላልኩም?» አለችኝ፤ አሁን ግን ድምፅዋ ለስልሷል።

«ብለሻል እህቴ» አልኳት። «የሃምሳ አለቃ መኩሪያ ልጅ ለቅሶ ነው። ዳዊት ይባላል።»

ነጠላዋን አስተካከለችና «ነፍሱን ይማር» አለች።