አሥር አለቃ ባዘዘው አፉን ዘጋ

በቢቸና ፖሊስ ውስጥ እንደ አሥር አለቃ ባዘዘው አካለ ወልድ ያለ ተኳሽ አልነበረም። ይህን የሚሉት ወዳጆቹ ብቻ ቢሆኑ ባላመንሁ ነበር፤ የማይወዱትም ይሉት ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ የመቶ አለቃ ሣህለ ማርያም ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጣና አዲስ ዓይነት የሽጉጥ ውድድር አመጣ። ባህር ማዶ ሲሰለጥን ያየው ነው። ቆሞ አንድ ዒላማ መምታት አይደለም፤ ፊሽካ ሲነፋ ሽጉጥን ከአፎቱ መዘዝ አድርጎ፣ እየተራመዱ፣ አጥር ተከልለው ጭምር፣ እዚህም እዚያም የተተከሉትን ዒላማዎች መምታት ነው። በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ሳይስት ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ባዘዘው ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

የመጀመሪያው ውድድር ከሞጣ ፖሊሶች ጋር እዚያው ሞጣ ላይ ሆነ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ፊሽካው ተነፋ። ባዘዘው ሽጉጡን መዘዘ፤ አመዛዘዙ ሞጣዎችን እንኳ አስደነገጠ። ከዚያ ግን፣

«ዘራፍ! የአካለ ወልድ ልጅ!»

ምን ያድርግ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መሣሪያ አንስቶ ዝም ማለት ለእሱ ሳይባርኩ እንደ መብላት ነው። አባቱን ጠራ፤ አያቱን አስከተለ፤ ተመልካቹም «በለው!» እያለ አሟሟቀለት። አያቱ ነብር የገደሉበት ዘንድ ሲደርስ ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ደገመ። ሰዓቱ አልቋል። ባዘዘው አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም።

ሞጣ በሳቅ ፈረሰች። በፖሊሱ ላንድሮቨር ሲመለሱ የመቶ አለቃው ወደ ባዘዘው ዞረ።

«እጅህ እንከን የለውም። የጣለህ አፍህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ላይ እንደግማለን። ያኔም ከፎከርህ ቦታህን ለሌላ ሰው ትለቃለህ።»

ወሬው ቀድሞት ቢቸና ገብቶ ቆየው። ገበያ ሲወጣ ነጋዴው ሁሉ «አቶ ዘራፍ፣ እንዴት ዋሉ?» ይለው ጀመር። የእጁን ስም አፉ በላበት። እንቅልፍ አጣ።

ባለቤቱ የሺእመቤት ግን ለማዘን ጊዜ አልሰጠችውም። በጓሮ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ ደግሞም አይቶ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ አዙሮ ይቆማል፤ እሷ ታጨበጭባለች፤ እሱ ይመዝዛል። «ዘራ...» ከአፉ ሾልካ ትወጣለች።

«አንተ ሰው፣ ይህን አፍህን ልስፋው እንዴ?» አለችና ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። «ተጎንጭ። እንዳትውጠው። የምትተፋው ስትጨርስ ነው።»

መጀመሪያ ውሃው ከዘራፉ ጋር እየተረጨ ዶሮዎቹን ሁሉ በተነ። እየዋለ እያደረ ግን ውሃው ጉንጩ ውስጥ ረጋ። አፉ ሲዘጋ ዓይኑ ተከፈተ፤ እግሩ ሳይደርስ ዓይኑ ቀጣዩ ዒላማ ላይ ያርፍ ጀመር። ትንፋሹም ሰከነለት።

ከፋሲካ በኋላ ሞጣዎች ቢቸና መጡ። ጎበዛቸው ሃምሳ አለቃ ቢሆነኝ ሳይስት፣ በፍጥነት ጨርሶ እየሳቀ ተመለሰ። ተራው የባዘዘው ሆነ። ሞጣዎች «ዘራፍ! ዘራፍ!» እያሉ ይተነኩሱት ጀመር፤ የገዛ አገሩ ሰዎችም አላፈሩም፣ አብረው ጮኹ። እሱ ከየሺእመቤት ጣሳ ተጎነጨና ጉንጩን ነፍቶ ቆመ።

ፊሽካ።

መዘዘ። ተራመደ፣ ተኮሰ፣ አጥሩን ተከለለ፣ እንደገና ተኮሰ። ከተኩሱ በቀር ከእሱ በኩል አንድ ድምፅ አልተሰማም። ጨርሶ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ወደ አፎቱ ሲመልስ ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ ዒላማዎቹን አንድ በአንድ ዞረና ተመለሰ።

«አንዱንም አልሳተም! ቢሆነኝንም ቀድሞታል!»

ሜዳው ተናወጠ። ቢሆነኝ ራሱ መጥቶ አቀፈው። ባዘዘው ግን ጉንጩ እንደተነፋ ነው፤ ደንግጦ መትፋቱን ረስቶታል።

«እንግዲህ ፎክር!» አለው የመቶ አለቃው እየሳቀ። «ተፈቅዶልሃል!»

ውሃውን ተፋ። ሕዝቡ አባቱን፣ አያቱን፣ ያንን ነብር ሊሰማ ጆሮውን አቆመ። ባዘዘው እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለና ቢቸና እስኪሰማ ጮኸ፦

«ዘራፍ! የየሺእመቤት አሽከር!»

የሺእመቤት ጣሳዋን ወርውራ እልልታውን አቀለጠችው።