በጣት የተጠቆመው ዱባ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ሽፈራው ባለ አሥራ ስድስት ሊትር የጀርባ ፓምፕ አሸከሙኝና ማንገቻውን ራሳቸው አጠበቁልኝ። ክዳኑን መግጠም የእኔ ፋንታ ነበር፤ በደንብ አልገጠምኩትም። ጦር ኃይሎች አካባቢ የነበረው የመጀመሪያ ደንበኛችን ቤት ስንደርስ እስከ ወገቤ ርሼ ነበር። ልብሴን አስወልቀው በሳሙና አሳጠቡኝና፣ «ታደለ፣ ይኼ መድኃኒት አንተንና በረሮን አይለይም» አሉኝ። በተባይ ረጪነት ዘመኔ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እስኪገባኝ ግን ፀጉሬ ሸበተ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ምግብ ይወጣል፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሕፃናትና እንስሳት ይርቃሉ። ከዚያ ቱታ፣ ጓንት፣ ማስክ። የሚረጨው ከጓዳ ወደ በር ነው፤ የተገላቢጦሽ ከጀመርክ የረጨኸውን እየረገጥክ ትወጣለህ። ቤቱ ተዘግቶ አራት ሰዓት ይቆያል። ትኋን ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል የተፈለፈለውን ለመያዝ ነው።

ሰው ይፈልገናል፣ በር ላይ ሲያየን ግን ያፍርብናል። ፓምፑን በጆንያ ጠቅልለን እንድንገባ የለመነን ደንበኛ ብዙ ነው። ጎረቤት ትኋን እንዳለበት እንዳያውቅ።

ወይዘሮ ዘነበች እንደዚያ አልነበሩም። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ ጓሮ ያፈራውን አትክልት ደጃፋቸው ላይ እየሸጡ ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ ትኋን አስቸግሯቸው ጠሩን። ቤቱን ረጭቼ ዘጋሁና ሰዓቱ እስኪሞላ ውጪ ተቀመጥኩ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ሶስና አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ትኋን ለምንድነው የተፈጠረው?»

«እኔ እንጀራ እንድበላ።»

እናቷ ከት ብለው ሳቁ። ሶስና አልሳቀችም። «እርስዎ ከመወለድዎ በፊትስ?» አለች።

ፓምፑን መወልወል ጀመርኩ። ውስጡ ሦስት ሊትር ያህል ተርፎ ነበር። ደንባችን የተረፈ መድኃኒት ወደ ቢሮ ይመለሳል ይላል። ወይዘሮ ዘነበች ግን የድንጋይ አጥራቸውን ስንጥቅ አሳዩኝ፤ ንቦች ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። «ጋሽ ታደለ፣ ልጄን እንዳይነድፉብኝ እፈራለሁ። እስቲ እነዚህንም ገላግሉኝ።»

ደግ መሆን አማረኝ። የመርጫውን ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ ፓምፑ ባዶ እስኪሆን ለቀቅኩት። ለደግነቴም ሁለት እስር ቆስጣ ተሰጠኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ለድጋሚው ርጭት ስመለስ ሶስና እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ በር ላይ ቆማለች።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«እጄ ዱባ ገደለ» አለችኝ።

እናቷ ወደ አጥሩ ወሰዱኝ። ሐረጉ አጥሩን አልብሶታል፣ አበባውም ሞልቷል። ከሥሩ ግን እንቁላል የሚያካክሉ ጨቅላ ዱባዎች ቢጫ ሆነው ረግፈዋል። «ለገና ጾም የምሸጠው እሱን ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «አበባ በጣት አይጠቆምም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። አንድ፣ ሁለት እያለች እየጠቆመች ቆጠረቻቸው። ይኸው አስረገፈቻቸው። ሁለተኛ እዚህ ጓሮ ድርሽ እንዳትል ብያታለሁ።»

በልማዱ አልስቅም። እኔም በልጅነቴ ዱባ ጠቁመሃል ተብዬ ጣቴን እንድነክስ ተደርጌያለሁ። አባቴ ግን ንብ ያነብ ነበር፤ ንብ ያልደረሰበት ዱባ እንዲህ እንደሚሆን አሳይቶኛል። ስንጥቁን አየሁት። አንድም ንብ የለም።

ቤቱን ረጨሁ፣ ቅጹን አስፈረምኩ፣ ሄድኩ። ስወጣም ልጅቷ እንደዚያው ቆማለች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለአቶ ሽፈራው ነገርኳቸው። «የሞተው ንብ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉ። «አሁን ይኼን ብታወራ በዚያ ሰፈር ማን ይጠራናል? አየሩ ነው በላቸው።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅ ይረሳል።»

እኔ ጣቴን የነከስኩበትን ቀን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አልረሳሁትም።

እሁድ ማለዳ ከአየር ጤና በሚኒባስ መጣሁ። ወይዘሮ ዘነበች በሩን ሲከፍቱልኝ ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልሰጠሁም። «ዱባውን ያስረገፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ንቦቹን ስለገደልኩ ነው። ሶስና ምንም አላጠፋችም።»

በሩን እንደያዙ፣ «ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ቆመው አልነበር እንዴ? ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

«ፈርቼ።»

«እሷም ፈርታ እኮ ነው እህል አልቀምስ ያለችኝ» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ንቦቹን ግደል ያልኩት እኔው ነኝ፤ ልጄ ላይ ጮህኩ» እያሉ ሶስናን ጠሯት።

አባቴ ንብ በጠፋ ጊዜ የሚያደርገውን አሳየኋቸው። የዱባ ወንድ አበባ አገዳው ቀጭን ነው። ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አዝላለች። ወንዱን ቀጥፈህ የአበባውን ቅጠል ታነሳለታለህ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ቢጫ ዱቄት ሴቷ ውስጥ ትቀባለህ። ነገር ግን መነጽሬን ረስቼ ስለመጣሁ ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሃል ሴቷን መለየት አቃተኝ።

«ሶስና፣ የታለች?»

በአገጯ አሳየችኝ።

«አላየኋትም። በጣትሽ።»

እናቷን ቀና ብላ አየች። ወይዘሮ ዘነበች፣ «ጠቁሚላቸው እናቴ» አሏት። አንድ እጇን ከብብቷ አውጥታ ጠቆመች። ዱቄቱን ቀባሁ።

«ንብ የምትሠራው ይኼን ነው?»

«ይኼንን ነው።»

«ለእኛ ብላ?»

«አይደለም፣ የራሷን ምግብ ፍለጋ ነው የምትመጣው። ዱቄቱ ገላዋ ላይ ይጣበቃል፣ ሳታውቀው ወደ ሌላው አበባ ታደርሰዋለች። ከነፍሳት ብዙዎቹ እንደዚህ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የወደቀ ቅጠል አፈር የሚያደርግ አለ፣ ለወፍ ምግብ የሚሆን አለ።»

«ትኋንስ?»

እናቷ አሁንም ሊስቁ ተዘጋጁ። «ትኋን ለምን እንደተፈጠረ አላውቅም» አልኳት። «ያን ቀን ስቀልድብሽም አላውቅም ነበር።»

«እሺ» አለች። ከቀልዱ ይልቅ ይኼኛው የተመቻት መሰለኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል፣ ከሥራ በፊት እየተመላለስኩ የንብን ሥራ ሠራሁ። አበባው ረፋድ ላይ ይከደናል፤ ከዘገየህ ቀረብህ። ዝናብ ሲጥል ዱቄቱ ይረጥባል። ወገቤ ተያዘ። ንቦቹን ለመግደል አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም ነበር። ከቀባናቸው አሥራ አንድ አበባዎች አራቱ ያዙ፤ አንዱ ሶስና መጀመሪያ የጠቆመችው ነው። በኅዳር ወይዘሮ ዘነበች ሦስቱን ሸጡ። ያንን አንዱን ግን ሶስና አልሸጥም አለች።

አቶ ሽፈራው አኮረፉኝ። እውነትም ከዚያ ሰፈር የቀሩብን ደንበኞች አሉ። ጡረታ ልወጣ ስል ግን የሥራ ቅጻችን ላይ «በግቢው ንብ አለ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ፈቀዱ።

ለወጣት ረጪዎች የምለው አጭር ነው። የተረፈ መድኃኒት ወደ ቢሮ ይመለሳል። ያጠፋችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር ሌላ ሰው እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ይቆማል።